የካንሰር ሕዋስን በኃይል ምንጩ ማጥቃት፦ ከካሳቫ ሲያናይድ እስከ ሜትፎርሚን

አኅጽሮት

ሚቶኮንድሪያን በመድኃኒት በማወክ የካንሰርን ዕድገት መግታት ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ብዙ ተስፋ የተጣለበት የምርምር መስክ ነው። ይህ ጽሑፍ የመስኩን መሠረታዊ ሥነ ሕይወትና ዋና ዋና ክሊኒካዊ ሙከራዎች በመቃኘት፣ አብዛኞቹ የኃይል አጋጆች ለምን እንዳልተሳኩና ጥቂቶቹ ለምን እንደተሳኩ ይመረምራል። በወላይታ ዞን በቤሌና በአካባቢዋ የሚመረተው ካሳቫ የሚያመነጨው ሲያናይድ የታወቀ የሚቶኮንድሪያ መርዝ በመሆኑ እንደ ማነጻጸሪያ ቀርቧል። የአንድ መድኃኒት ብቃት የሚለካው ሚቶኮንድሪያን ማገድ በመቻሉ ሳይሆን፣ ዕጢው በዚያ ዒላማ ላይ ያለው ጥገኝነት ከጤናማው አካል ጥገኝነት ምን ያህል እንደሚበልጥ በማረጋገጥ ነው። በመጨረሻም ይህ መለኪያ በወላይታ ለሚታከሙ ሕሙማንና በዞኑ ለሚካሄድ ምርምር ያለው ትርጉም ይብራራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሚቶኮንድሪያ፣ የመተንፈሻ ሰንሰለት፣ ሜትፎርሚን፣ ካሳቫ፣ ሲያናይድ፣ የጡት ካንሰር፣ የማሕፀን በር ካንሰር

1. መግቢያ

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ባወጣው የ2020 ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር አዲስ የሚያዙ ሲሆን፣ ወደ 52 ሺህ የሚጠጉት ደግሞ በበሽታው ይሞታሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በሴቶች ዘንድ የጡት ካንሰር ቀዳሚውን፣ የማሕፀን በር ካንሰር ደግሞ ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛሉ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ ከቤሌ የምትነሣ ታካሚ መጀመሪያ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ግድ ይላት ነበር። በዚህ መካከል በሽታው ሥር መስደዱ የተለመደ ነው።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ርካሽ፣ በአፍ የሚወሰድና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ እንክብል ካንሰርን ይገታል የሚል የምርምር ዜና ሲሰማ የሚፈጥረው ጉጉት ከፍተኛ ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። መድኃኒቱ በሚቶኮንድሪያ ላይ የሚሠራ መሆኑ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። ይሁንና በቤተ ሙከራ ከተረጋገጠው አሠራር እስከ ታካሚዋ ጥቅም ያለው ርቀት ረጅም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ርቀት ላይ ነው።

2. የኃይል ሥርዓቱ አሠራር

አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ በግላይኮሊሲስ ብቻ ሲፈርስ የሚገኘው የተጣራ ምርት 2 ኤቲፒ ነው። በሚቶኮንድሪያ ውስጥ በኦክስጅን እስከ መጨረሻው ሲቃጠል ግን ምርቱ ከ30 እስከ 32 ኤቲፒ ይደርሳል። ይህ ልዩነት የሚመነጨው በሚቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከተደረደረው የመተንፈሻ ሰንሰለት ነው። ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች ከኮምፕሌክስ 1 ወይም ከኮምፕሌክስ 2 ተነሥተው በኮምፕሌክስ 3 በኩል እስከ ኮምፕሌክስ 4 ይጓዛሉ፤ በዚያም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ውሃ ይሆናሉ። በጉዞው የሚለቀቀው ኃይል ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ አንድ ወገን ወደ ሌላው ይገፋል።

ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበውና በ1978 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስረዳው፣ ኤቲፒ የሚመረተው የተጠራቀሙት ፕሮቶኖች ተመልሰው ሲፈስሱ ነው። ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በግድቡ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ ቁልቁል ሲወርድ ተርባይኖቹን አሽከርክሮ እስከ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በሚቶኮንድሪያም የተጠራቀሙት ፕሮቶኖች ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ቃል በቃል ያሽከረክሩታል።

ንጽጽሩ ሥርዓቱን ማወክ የሚቻልባቸውን ሦስት መንገዶችም ያሳያል። አንደኛው ወደ ግድቡ የሚገባውን ውሃ ማቋረጥ ነው፤ የኮምፕሌክስ 1፣ 3 እና 4 አጋጆች የሚሠሩት እንዲህ ነው። ሁለተኛው ተርባይኑን ማቆም ነው፤ ኦሊጎማይሲን ይህን ያደርጋል። ሦስተኛው ግድቡን ሸንቁሮ ውሃው ያለ ሥራ እንዲፈስስ ማድረግ ነው። በዚህ ሦስተኛ መንገድ የሚሠራው ዳይናይትሮፌኖል በ1930ዎቹ በአሜሪካ ለክብደት መቀነሻነት ተሽጦ፣ የሰውነትን ሙቀት ከመጠን በላይ በማናር ሰዎችን በመግደሉና የዓይን ሞራ በማስከተሉ በ1938 ከገበያ ወጥቷል። ሦስቱም መንገዶች ኃይልን ያቋርጣሉ፤ ይሁንና አንዳቸውም ቢሆኑ በራሳቸው የካንሰርን ሕዋስ ከጤናማው ለይተው አያውቁም።

3. የዋርበርግ ምልከታና የኋለኛው እርማት

ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሕብረ ሕዋሳት ኦክስጅን እያለ እንኳ ብዙ ግሉኮስ ወስደው ወደ ላክቴት እንደሚለውጡ አስተውሏል። ምልከታው ዛሬም ድረስ ጸንቷል። ከምልከታው ተነሥቶ የሰጠው ማብራሪያ፣ ማለትም የካንሰር መነሻ የተበላሸ የሚቶኮንድሪያ ትንፈሳ ነው የሚለው፣ በአብዛኛው አልጸናም። የብዙ ካንሰሮች ሚቶኮንድሪያ ሥራውን ይሠራል፤ አንዳንዶቹም ያለ እርሱ ማደግ አይችሉም።

ለምን እንደማይችሉ በ2015 በተመሳሳይ ወቅት የወጡ ሁለት ጥናቶች አንድ ጠቃሚ መልስ ሰጥተዋል። በፍጥነት የሚባዛ ሕዋስ ትንፈሳን የሚፈልገው ለኤቲፒ ብቻ አይደለም። አስፓርቴት የተባለውን አሚኖ አሲድ ለመሥራት ኤሌክትሮን የሚቀበለው የኤንኤዲ ቅርጽ ያስፈልጋል፤ ይህን ቅርጽ በበቂ መጠን የሚያድሰው ደግሞ የመተንፈሻ ሰንሰለቱ ነው። አስፓርቴት ከሌለ የዲኤንኤ ግንባታ ይቆማል። በቤተ ሙከራ ትንፈሳቸው የታገደ ሕዋሳት አስፓርቴት ከውጭ ሲጨመርላቸው መባዛታቸውን መቀጠላቸው ይህን አረጋግጧል።

ይህ ግኝት ተግባራዊ መዘዝ አለው። አንድ ዕጢ አስፓርቴትን ከአካባቢው መውሰድ ከቻለ የኃይል አጋጁን ጫና ይቋቋማል። ስለዚህ ‹‹ካንሰር ሚቶኮንድሪያን ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም?›› የሚለው ጥያቄ በደፈናው የሚመለስ አይደለም። የትኛው ዕጢ፣ በየትኛው የሰውነት ክፍል፣ በምን ዓይነት የንጥረ ምግብ አቅርቦት ውስጥ እንደሚያድግ መታወቅ አለበት።

4. ከካሳቫ የሚገኝ ማነጻጸሪያ

የመተንፈሻ ሰንሰለትን ማገድ በሰው አካል ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ከካንሰር መድኃኒቶች በፊት የነበረ ማስረጃ አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ ‹‹የእንጨት ቦዬ›› በመባልም የሚታወቀው ካሳቫ፣ ድርቅን በመቋቋሙ በቤሌና በአካባቢዋ ቆላማ ቀበሌዎች ተፈላጊ ሰብል ነው። ሥሩ ተቀቅሎ ይበላል፤ ደርቆና ተፈጭቶም ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል።

ተክሉ ሊናማሪን የተባለ ውሁድ ይዟል። ሥሩ ሲቆረጥ ወይም ሲፈጭ ሊናማሬዝ የተባለው የራሱ የተክሉ ኢንዛይም ውሁዱን ይሰብረውና በመጨረሻ ሃይድሮጅን ሲያናይድ ይለቀቃል። በሚገባ ሲዘጋጅ፣ ማለትም ሲላጥ፣ ሲዘፈዘፍ፣ ሲከተፍና ሲሰጣ፣ አብዛኛው ሲያናይድ በኖ ወይም ታጥቦ ይወገዳል። ዝግጅቱ ሲጣደፍ ግን ቀሪው ወደ ሰውነት ይገባል። ሲያናይድ የሚጣበቀው በኮምፕሌክስ 4 ላይ ነው፤ የሰንሰለቱን የመጨረሻ በር ይዘጋል።

ሰውነት ሲያናይድን የሚያረክሰው ሮዳኔዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ድኝ ጨምሮ ወደ ታዮሲያኔት በመለወጥ ሲሆን፣ ታዮሲያኔቱ በኩላሊት ይወገዳል። ድኙ የሚገኘው በተለይ በፕሮቲን ውስጥ ካሉት ሜታዮኒንና ሲስቴይን ነው። ስለሆነም ፕሮቲን ያነሰው ሰው ያው መጠን ሲያናይድ ይበልጥ ይጎዳዋል። በሞዛምቢክ ናምፑላ ግዛት በ1981 በድርቅ ወቅት በደንብ ያልተዘጋጀ መራራ ካሳቫ ከተመገቡ ሰዎች መካከል ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ኮንዞ በተባለ፣ እግርን አንቆ በሚይዝና በማይድን ሽባነት ተጠቅተዋል። የኮንዞ ትክክለኛ ሂደት እስካሁን አከራካሪ ቢሆንም፣ ከሲያናይድ መጋለጥና ከድኝ አዘል አሚኖ አሲዶች እጥረት ጋር ያለው ግንኙነት በሚገባ የታወቀ ነው።

ከዚህ ሁለት ነጥቦች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው፣ የኃይል ሥርዓት ሲመረዝ ቀድመው ከሚጎዱት መካከል የነርቭ ሕዋሳት መኖራቸው ነው፤ ኃይል በብዛት ይፈልጋሉ፣ በግላይኮሊሲስ ብቻ መኖርም ይቸግራቸዋል። ሁለተኛው፣ የአንድ መርዝ ጉዳት በመርዙ መጠን ብቻ ሳይሆን በተቀባዩ የአመጋገብና የኩላሊት ሁኔታም መወሰኑ ነው። ሁለቱም ነጥቦች ቀጥሎ በሚታዩት የካንሰር ሙከራዎች ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ።

5. የሜትፎርሚን ጉዞ

ሜትፎርሚን ኮምፕሌክስ 1ን በመጠኑ እንደሚያግድ በ2000 በወጡ ጥናቶች ታወቀ። በ2005 ከስኮትላንድ የወጣ ጥናት ደግሞ ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ዘገበ። ተመሳሳይ ዘገባዎች በብዛት ተከተሉ። አሠራሩ የታወቀ፣ ዋጋው ርካሽ፣ ደኅንነቱ በአሥርት ዓመታት የተፈተነ መድኃኒት በመሆኑ ተስፋው ምክንያታዊ ነበር።

ተስፋውን የፈተነው ትልቁ ሙከራ በካናዳ የካንሰር ሙከራዎች ቡድን የተመራው ነው። ስኳር የሌለባቸው 3,649 የጡት ካንሰር ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ለ5 ዓመት በቀን ሁለት ጊዜ 850 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን ወይም ፕላሴቦ ወሰዱ። በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት በዋናው የትንተና ቡድን፣ ማለትም ዕጢያቸው የሆርሞን ተቀባይ ባላቸው ሴቶች፣ ያለ በሽታ የመቆየት ዕድል በሁለቱም ወገን እኩል ሆነ። በሳንባ ካንሰር ሜትፎርሚንን ከኬሞቴራፒና ከጨረር ጋር አጣምረው የፈተኑ ሁለት ሙከራዎችም በ2021 ውጤታቸውን አውጥተዋል፤ በአንደኛው ጥቅም አልታየም፤ በሁለተኛው፣ በአነስተኛው፣ ሜትፎርሚን የወሰዱት ውጤታቸው የከፋ ሆኗል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው የመጠን ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የቤተ ሙከራ ጥናቶች የተጠቀሙት በሚሊሞል የሚለካ ክምችት ሲሆን፣ መድኃኒቱ በተለመደው መጠን ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው በአሥርታት ማይክሮሞል የሚቆጠር ብቻ ነው። ሁለተኛው የመግቢያ በር ጉዳይ ነው። ሜትፎርሚን ወደ ሕዋስ የሚገባው በልዩ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ነው፤ ጉበት በብዛት አሉት፣ ብዙ ዕጢዎች ግን ጥቂት ብቻ ይኖራቸዋል። ሦስተኛው የጥናት ስልት ጉዳይ ነው። በ2012 የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ ቀደምት የምልከታ ጥናቶች አንዳንዶቹ ‹‹የማይሞትበት ጊዜ›› በሚባለው አድልዎ የተጠቁ ነበሩ። አንድ ታካሚ ‹‹ሜትፎርሚን ወሳጅ›› ተብሎ ለመመደብ መድኃኒቱ እስከሚታዘዝለት ቀን ድረስ በሕይወት መቆየት አለበት፤ ያ የመጠበቂያ ጊዜ ለመድኃኒቱ ከተቆጠረ መድኃኒቱ ሳይሠራ የሠራ ይመስላል።

6. ጠንካራው አጋጅና ያጋጠመው ገደብ

ሜትፎርሚን ደካማ በመሆኑ ነው ያልተሳካው የሚለውን መላ ምት ለመፈተን የበለጠ ጠንካራ አጋጅ ያስፈልግ ነበር። በአሜሪካ ቴክሳስ የተሠራው አይኤሲኤስ-010759 የተባለ ውሁድ ኮምፕሌክስ 1ን በናኖሞል ደረጃ ያግዳል። በእንስሳት ላይ በደም ካንሰርና በአንጎል ዕጢ ሞዴሎች ጠንካራ ውጤት አሳይቶ ነበር። በሰው ላይ የተደረጉት የደረጃ 1 ሙከራዎች በ2023 ሲታተሙ ግን የታየው የፀረ ዕጢ ጥቅም አነስተኛ ነበር። መጠኑን ለመጨመር ያገደው የላክቴት በደም ውስጥ መጨመርና የነርቭ ጉዳት ነው። ሙከራው ተቋረጠ።

በካሳቫ የተመረዘ ሰውና ይህን መድኃኒት የወሰደ ታካሚ የጉዳት ምልክታቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ የተዘጋውም በር የተለያየ ነው። የጋራ የሆነው መርሕ ነው፦ ሰንሰለቱን በጠንካራ ክንድ የሚዘጋ ማንኛውም ነገር ዕጢው ከመሞቱ በፊት የነርቭን ትዕግሥት ሊያስጨርስ ይችላል። ፌንፎርሚን የተባለው የሜትፎርሚን ቅርብ ዘመድ በላክቲክ አሲዶሲስ ምክንያት በ1970ዎቹ ከብዙ አገሮች ገበያ መውጣቱም የዚሁ መርሕ ቀደምት ምስክር ነበር።

7. የተሳኩት ለምን ተሳኩ?

በሚቶኮንድሪያ ላይ የሚሠሩና ለታካሚ የደረሱ መድኃኒቶች አሉ። ሆኖም አንዳቸውም ኃይልን በጅምላ አያቋርጡም።

ኢናሲዴኒብ በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን፣ አይዲኤች2 የተባለውን የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይም የሚያግደው በዘር ለውጥ የተበላሸ ሲሆን ነው። የተበላሸው ኢንዛይም በጤናማ ሕዋስ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ዒላማው የካንሰሩ ብቻ ነው። ቬኔቶክላክስ ደግሞ በ2016 የተፈቀደ ሲሆን፣ በሚቶኮንድሪያ ውጫዊ ሽፋን ላይ ሆኖ የሕዋስን ሞት የሚከለክለውን ቢሲኤል-2 የተባለ ፕሮቲን ያግዳል። አንዳንድ የደም ካንሰሮች ለመሞት ተቃርበው በዚህ ፕሮቲን ብቻ ታግተው የቆሙ በመሆናቸው፣ መከላከያው ሲነሣ ይሞታሉ። በ2025 የተፈቀደው ዶርዳቪፕሮን ክሊፒፒ የተባለውን የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲን ፈጪ ከመጠን በላይ በማሠራት፣ የተወሰነ የዘር ለውጥ ባላቸው የአንጎል ዕጢዎች ላይ ይሠራል።

ሌላው አቅጣጫ ዕጢውን ለመግደል ሳይሆን ኦክስጅን እንዲተርፍለት ለማድረግ የታለመ ነው። ኦክስጅን ያነሰው ዕጢ ለጨረር ሕክምና አይበገርም። ለወባ የሚሰጠው አቶቫኮን ኮምፕሌክስ 3ን ስለሚያግድ የዕጢውን የኦክስጅን ፍጆታ ይቀንሳል፤ በ2021 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒቱን በወሰዱ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች የዕጢ ኦክስጅን እጥረት መቀነሱን አሳይቷል። ይህ የሚለካ ለውጥ እንጂ የተራዘመ ዕድሜ ማረጋገጫ አይደለም። ጥያቄው ግን በትክክል የቀረበ ነው፤ ዒላማው፣ የሚለካው ነገርና የአጭር ጊዜ አወሳሰዱ ተለይተው ታውቀዋል።

8. ለወላይታ ታካሚዎችና ለዞኑ ምርምር ያለው ትርጉም

ከላይ የታየው ልዩነት በወላይታ ሲመዘን ሦስት ጉዳዮች ጎልተው ይወጣሉ።

አንደኛው ኩላሊት ነው። ዘግይቶ የተገኘ የማሕፀን በር ካንሰር ሽንትን ከኩላሊት የሚያወርዱትን ቱቦዎች እየተጫነ ኩላሊትን ያደክማል። ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ነው፤ ታዮሲያኔትም እንዲሁ። ስለዚህ የመጨረሻ ተስፋ ፍለጋ ያለ ኩላሊት ምርመራ ሜትፎርሚን የተሰጣት ታካሚ ከጥቅሙ ይልቅ ላክቲክ አሲዶሲስ ሊቀድማት ይችላል።

ሁለተኛው የመድኃኒቶች መስተጋብር ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ከኤችአይቪ ጋር በአንድ ታካሚ ላይ በተደጋጋሚ ይገናኛል። በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ ቀዳሚ የሆነው ዶሉቴግራቪር የሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ያለ መጠን ከፍ ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት አብረው ሲወሰዱ የሜትፎርሚን የቀን መጠን ከ1,000 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ለካንሰር በተደረገው ትልቁ ሙከራ የተሰጠው ግን በቀን 1,700 ሚሊ ግራም ነበር።

ሦስተኛው ምግብ ነው። የዕለት ምግቧ በካሳቫ ላይ የተመሠረተና ፕሮቲን ያነሳት ታካሚ፣ የሚቶኮንድሪያ አጋጅ ከመውሰዷ በፊት እንኳ በሰንሰለቱ ላይ ጫና ሊኖርባት ይችላል። ኬሞቴራፒ ከሚሰጣቸው መድኃኒቶች መካከል ሲስፕላቲን በራሱ ነርቭንም ኩላሊትንም የሚጎዳ ነው። ሌላ አገር በተመረጡ ታካሚዎች ላይ የተወሰነ የመድኃኒት መጠን እዚህ ያለ ምርመራ ሊገለበጥ አይገባም።

እነዚህ ጉዳዮች ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመቹ፣ በአገር ውስጥ አቅም የሚመለሱ ጥያቄዎችን ይከፍታሉ። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሁሉን አቀፍ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በካንሰር የሚመዘገቡ ሕሙማን ሕክምና ሲጀምሩ የኩላሊት አቅማቸው፣ የላክቴት መጠናቸውና የሽንት ታዮሲያኔታቸው ምን ያህል ነው? በቤሌ ገበያ የሚሸጥ የካሳቫ ዱቄት ቀሪ ሲያናይድ ምን ያህል ነው? ይህ የመጨረሻው ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ በሲያናይድ ቀለሙን በሚለውጥ የፒክሬት ወረቀት ሊለካ ይችላል። ስኳርና የጡት ካንሰር አብረው ያሉባቸውን ሕሙማን መዛግብት የሚመረምር ተማሪ ደግሞ የክትትሉን ጊዜ ሲቆጥር የማይሞትበትን ጊዜ አድልዎ ከመነሻው ማስወገድ አለበት። የሕዋስ ባህል የሚሠራ ተመራማሪም ሕዋሳቱን ከሰው ደም አምስት እጥፍ ያህል ግሉኮስ ባለው የተለመደ ማሳደጊያ ከማቆየት ይልቅ፣ የደምን ይዘት በሚመስል ማሳደጊያና በሰው ደም በሚደረስ የመድኃኒት ክምችት መሥራት ይጠበቅበታል።

9. ማጠቃለያ

የሚቶኮንድሪያ ሕክምና ታሪክ የተሳሳተ ሐሳብ ታሪክ አይደለም። የካንሰር ሕዋስ በኃይል ሥርዓቱ ላይ ያለው ጥገኝነት እውነት ነው፤ የነርቭ፣ የልብና የኩላሊት ሕዋሳት ጥገኝነትም እንዲሁ እውነት ነው። ያልተሳኩት ሙከራዎች የመጀመሪያውን ብቻ ሲለኩ፣ የተሳኩት ሁለቱን ለይተው ዒላማቸውን መርጠዋል።

በአንድ የምርምር ዕቅድ ላይ ‹‹ይህ መድኃኒት ሚቶኮንድሪያን ያግዳል›› የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገኝ ሦስት ጥያቄዎች ሊከተሉት ይገባል። በየትኛው ክምችት ነው የሚያግደው? ያ ክምችት በታካሚዋ ደም ውስጥ ይገኛል? የእርሷ ኩላሊት፣ ነርቭና ማዕድ ያንን ይሸከማሉ? መልሶቹ እስኪገኙ ድረስ ለቤሌዋ ታካሚ ይበልጥ የሚጠቅማት በጊዜ የሚደረግ ምርመራና ውጤታቸው የተረጋገጠው ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ናቸው። የሚቶኮንድሪያ ምርምር የሚያስፈልገው እነርሱን ለማጠናከር እንጂ፣ እነርሱ በሌሉበት ቦታ ክፍተት መሙያ እንዲሆን አይደለም።